እርሾ ፍለጋ

አለቃዬ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ሁለት ገጽ ተኩል፣
"ሳስካቱን በጉጉት ትጠብቅዎታለች" የሚል፤
ደመወዝ፣ የቤት አበል፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣
የወንዙ ድልድዮች ሳይቀሩ የተቆጠሩበት።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ ከባሕር ማዶ ሰው ማምጣት፣
አዋቂ ማባበል፣ ሊቅ ማግባባት፤
ሽማግሌ እንደሚላክ ለልጃገረድ ቤት
እላካለሁ እኔም፤ ጥሎሼ ቤተ ሙከራ፣ ማጫዬ በጀት።

ዶክተር ቫርሻ ኬልካር ከፑኔ ስትመጣ
ጥር ነበር፤ ብርዱ ዐይን ያወጣ፤
ሠላሳ ስምንት ከዜሮ በታች።
መኪናዬ "አልነሣም" ብላ እንደ ሰነፍ አህያ ተኛች፤
ጎረቤቴ ጎርደን በሽቦ እሳት አስጫራት፤
ሩብ ሰዓት ዘግይቼ ደረስኩላት።

ብቅ አለች፣ ትንሽ ሴት፣ የውሰት ካፖርት ለብሳ፣
በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በአንዱ አፍንጫዋን ዳብሳ።

ምን ያላሳየኋት? ሆስፒታሉን ከነአልጋው፣
ትምህርት ቤቱን ከነአጥሩ፣ ወንዙን በረዶ እንደዋጠው፤
"ይህ ሜዳ በበጋ የካኖላ አበባ ነው፤ ቢጫ ባሕር" አልኳት።
ነጭ ብቻ ታየ። እኔም ተውኩት።

ቤተ ሙከራው ገባን። ገና ይሸታል ቀለሙ።
የብረት ጋኖቹ በተርታ ቆሙ፤
ሁለት ሺህ ሊትር ይይዛል እያንዳንዱ፣
የድግስ ጋን ይመስላል፣ ባዶ ነው ሆዱ።
እርሾ ቢራባበት፣ ሥራውን ቢያውቅ፣
ኢንሱሊን ነው አሉ እዚያ ውስጥ የሚጠመቅ፤
ከሰው አገር መግዛት ይቀራል አሉ፣ ወረፋ መጠበቅ።

አንዱን ጋን በጣቷ አንኳኳችው፣
ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው።
እኔ ደመወዙን አነበብኩ፤
ቁጥሩ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ተማሪዎቻችሁ የት አሉ?"
"ወደፊት . . . እቅዱ ውስጥ አሉ።"
(በእኛ ቋንቋ "አሉ" ወሬም ነው፤
ሰው ሳይኖርም ይባላል። ይህን ግን ለሷ አልነገርኳትም።)

"እናቴ" አለች፣ "የእርጎ እርሾ ትዋስ ነበር ከታች ቤት፤
አንድ ማንኪያ ብቻ። ግን አፍልታ ነው ወተት፣
ለብ እስኪል ጠብቃ ነው የምታንኳኳባት።
ወተት ሳይኖር እርሾው ማንኪያው ላይ ይደርቃል በአንድ ሌሊት።
እኔ ማንኪያ ነኝ።
ወተቱ የት ነው?"

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳግባባ ኖሬያለሁ፤
የጥርስ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የአፈር ሊቅ አምጥቻለሁ፤
እንዲህ ያለኝ የለም። ዝም አልኩ፤ ጋን ጋኑን አያለሁ።

ያን ጊዜ ከወዲያ ክፍል ብርጭቆ ተሰበረ፤
"ይቅርታ!" የሚል የሴት ድምፅ ተከትሎት በረረ።
ላሪሳ ሆሎዋች ናት፣ ዕቃ አጣቢያችን፣
የገበሬ ልጅ፣ አጨዳ ሲያልቅ ለክረምቱ የቀጠርናት እኛ።
ዶክተሯ ተጎንብሳ ስባሪውን ለቀመች፣
"ይህን ሥራ ትወጂዋለሽ?" ብላ ጠየቀች።
ልጅቱ ቀላች። ከኪሷ ደብተር አወጣች፣ ጫፉ የረጠበ፦
"ሦስተኛው ጋን ይዋሻል። በውሃ ሲሞክሩት
ሙቀቱን ሁለት ዲግሪ ያበዛል።
ዘጠኝ ሳምንት ጽፌዋለሁ፤
የጠየቀኝ የለም እንጂ።"

ዶክተሯ ቆማ አነበበች። ገለጠች፤ ገለጠች።
ካፖርቷን ያን ጊዜ አወለቀች።

ከዚያ ወረቀቴን ተቀብላ፣ ግማሹ ባዶ ገጽ ላይ
ጻፈች በእርሳስ፤ አልፈረመችም ከታችም ከላይ፦
"አሥራ ሁለት ወንበር። የመጀመሪያው የዚች ልጅ።"
እርሳሱን መለሰችልኝ በቀዝቃዛ እጅ።

ማታ አለቃዬ ደወለች፤ "እሺ አለች ወይ?" አለችኝ።
"ወተት አፍሉ ብላለች።" "የምን ወተት?" ጮኸችብኝ።
ላስረዳት ሞከርኩ፤ መስመሩ ተቋረጠ፤ ተውኩ።
የጎርደንን ሽቦ ጠቅልዬ ልመልስ በሩን መታሁ፤
"ያዘው" አለኝ፣ "ነገም ብርድ ነው።"
ይዤው ገባሁ።